የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፍሳሽን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ቤት?

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲዛወር የሚያስቸግረው የሚገባው ውሃ አይደለም። የሚገባው ውሃ ግፊት ስላለው በቀጭን ቱቦ ሽቅብም ቁልቁልም ይሄዳል። የሚወጣውን ግን የማሽኑ ትንሽ ፓምፕ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ካደረገው በኋላ የሚወስደው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ «ማሽኑን የት ላስቀምጠው?» ከሚለው በፊት «ውሃው በየት በኩል፣ በምን ያህል ተዳፋት፣ ወደ የትኛው መስመር ይወርዳል?» የሚለው ይመለስ። ማሽኑን ቀድሞ ያስቀመጠ ሰው በኋላ ጎማ እየቀጣጠለ በኮሪደሩ ሲያሳልፍ የሚገኘው ይህን ቅደም ተከተል ስለገለበጠ ነው።

የቃል ነገር ከተነሣ፦ እዚህ ጎማ የምንለው ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣውን ተጣጣፊ መስመር ነው። ቱቦ የምንለው ጠንካራውን የቤቱን መስመር፣ ሲፎን የምንለው ደግሞ ውሃ ቋጥሮ ሽታ የሚከለክለውን ጥምዝ ክፍል ነው።

ከመምረጥዎ በፊት የሚለኩ ነገሮች

ሜትር፣ ውሃ ልክና ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይያዙ።

መጀመሪያ ከፍታውን ይለኩ። ከፊት የሚከፈቱ አብዛኞቹ ማሽኖች የጎማው ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳ.ሜ. ባለው ከፍታ ላይ እንዲያርፍ ይፈልጋሉ፤ የእርስዎ ማሽን ትክክለኛ ቁጥር መመሪያው ላይ ተጽፏል። ጫፉ ከዚያ ዝቅ ካለ በከበሮው ውስጥ ያለው ውሃ በጎማው በኩል ራሱን እየሳበ ይወጣል። ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ ማሽኑ ውሃ ይቀበላል፣ ውሃው ወዲያው ይፈስሳል፣ ማሽኑ እንደገና ይቀበላል። ፕሮግራሙ አያልቅም፣ ውሃው አይሞቅም፣ ቆጣሪው ግን መዞሩን አያቆምም። ብዙ ሰው ይህን የማሽን ብልሽት አድርጎ ጠጋኝ ይጠራል፤ ችግሩ ያለው የጎማው ጫፍ ላይ ነው። ከፍታው ሲበዛ ደግሞ ፓምፑ ይደክማል፤ ከታች ውሃ ስለሚቀር ማሽኑ ልብሱን መጭመቅ እምቢ ይላል።

ቀጥሎ የውሃው ብዛት አለ። ከፊት የሚከፈት የተለመደ ማሽን ሲያፈስ በደቂቃ ከ15 እስከ 25 ሊትር ያህል ይገፋል። ከላይ የሚከፈቱ ትልልቅ ማሽኖች ከ50 ሊትር በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። የአውሮፓው የቤት ውስጥ ፍሳሽ ስታንዳርድ ኢኤን 12056 እስከ 6 ኪሎ የሚያጥብን ማሽን በሴኮንድ 0.8 ሊትር፣ እስከ 12 ኪሎ የሚያጥበውን 1.5 ሊትር አድርጎ ያሰላል፤ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። አሮጌውን ማሽን ያለ ችግር ሲያስተናግድ የኖረ 40 ሚ.ሜ. ቱቦ በአዲሱ ትልቅ ማሽን ድንገት ሽቅብ መትፋት የሚጀምረው ለዚህ ነው። አዲስ መስመር ከተዘረጋ 50 ሚ.ሜ. ይሁን፤ በሁለቱ ስፋቶች መካከል ያለው የዕቃ ወጪ ልዩነት ከሥራው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ባልዲው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ውሃውን ለማስገባት ባሰቡት ነባር ፍሳሽ ውስጥ 20 ሊትሩን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያንቆርቁሩ። ወዲያውኑ ሁለተኛ ባልዲ ይድገሙ። ውሃው ከቆመ፣ ከጎረጎረ ወይም በሌላ ሲንክ በኩል አረፋ ብቅ ካለ ያ መስመር ሳይጸዳ ወይም ሳይሰፋ ማሽን ሊቀበል አይችልም።

ሦስተኛው ተዳፋት ነው። ቧንቧ ሠራተኞች ስሎፕ የሚሉት ይህ ለ50 ሚ.ሜ. ቱቦ በሜትር 2 ሳ.ሜ. ሊሆን ይገባል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። አዲሱ ቦታ ከግንዱ መስመር (ከቤቱ ዋና የፍሳሽ ቱቦ) 3 ሜትር ቢርቅ ግን ቱቦው 6 ሳ.ሜ. መውረድ አለበት፤ የራሱን 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ሲጨምሩበት መጨረሻው ላይ 11 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያስፈልጋል፤ ከላዩ የሚለበሰው ሲሚንቶና ሴራሚክ ገና አልተቆጠረም። ብዙ ቤት ውስጥ ከሶሌታው (ከወለሉ ኮንክሪት) በላይ ያለው ሙሌት ይህን ያህል ውፍረት የለውም። ርቀት ምርጫውን የሚወስነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀሩት በአጭሩ፦ በአካባቢው የአየር መስመር (ወደ ላይ ወጥቶ ለፍሳሹ አየር የሚሰጥ ቱቦ) አለ ወይ? ሲደፈን የሚከፈት ቦታ ይኖረዋል ወይ? በምን ያህል ሙቀት ያጥባሉ? ተራው የፒቪሲ ቱቦ የሚመከረው እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ላለ የማያቋርጥ ሙቀት ነው፤ በ90 ዲግሪ አዘውትሮ የሚያጥብ ሰው በጎማ ቀለበት የሚሰካካውን የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ቢመርጥ ይሻለዋል። በመጨረሻም ቤቱ የማን ነው? ግድግዳ መስበር የማይፈቀድለት ተከራይ ግማሹ ምርጫ ከወዲሁ ተዘግቶበታል።

የማሽኑን ጎማ ማስረዘም

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ ለአጭር ርቀት ስህተት አይደለም። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ጎማ ብዙ ጊዜ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። አምራቾች የሚፈቅዱት ጠቅላላ ርዝመት ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 4 ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል።

ርዝመቱ የሚገደበው ፓምፑ ስለሚደክም ብቻ አይደለም። ውስጡ 20 ሚ.ሜ. የሆነ ጎማ በየሜትሩ 0.3 ሊትር ያህል ቆሻሻ ውሃ ይይዛል። ፓምፑ ሲቆም ሽቅብ በሚወጣው ክፍል ያለው ውሃ ወደ ማሽኑ ይመለሳል፤ ወለል ላይ የተጋደመው ክፍል ደግሞ እንደሞላ ይቀመጣል። በ4 ሜትር ጎማ ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ የሳሙናና የቆሻሻ ውሃ በሁለት እጥበት መካከል ያድራል ማለት ነው። ከከበሮው የሚመጣው ሽታ ምንጩ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ የልብስ ብናኝም እዚያው ይረጋል።

ማስረዘም ካለብዎት ማስረዘሚያው ከነባሩ ጎማ ጋር እኩል ስፋት ይኑረው። ሁለቱን የሚያገናኘው ጠንካራ የፕላስቲክ መጋጠሚያ ይሁን፤ በሁለቱም በኩል የብረት ፋሼታ (ጎማውን ዙሪያውን የሚያጠብቅ ቀለበት) ይጥበቅበት። የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ አይተካውም፤ ይታጠፋል፣ በሙቅ ውሃም ይለሰልሳል። መጋጠሚያውን በግድግዳ ውስጥም ሆነ ከካቢኔት ጀርባ አይደብቁት፤ የሚላቀቀው እርሱ ነው፣ ሲላቀቅ ደግሞ ውሃው የሚወጣው በፓምፕ ኃይል ነው። በር ላይ የሚያልፍ ጎማ ይረገጣል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የማሽኑ ፓምፕም ያለ ዕድሜው ይሞታል።

ማሽኑ በዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ከተጠጋ ይህ መንገድ በቂ ነው። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ለማሻገር ግን አንመክረውም፤ ጊዜያዊ ነው ተብሎ የተዘረጋ ጎማ ዓመታት ያስቆጥራል።

ከሲንክ ሲፎን ጋር ማገናኘት

አዲሱ ቦታ ከወጥ ቤት ወይም ከእጅ መታጠቢያ ሲንክ አጠገብ ከሆነ በጎኑ የጎማ መቀበያ አፍ ያለው ሲፎን ገዝቶ ነባሩን መተካት ይቻላል። ግድግዳ አይሰበርም፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ተከራይም ሲለቅ የድሮውን መልሶ ይገጥማል።

ሦስት ነገሮች ግን ሰውን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው የመቀበያው አፍ ውስጥ ያለው ስስ የፕላስቲክ ክዳን ነው። ፋብሪካው አፉን ደፍኖ ነው የሚልከው። ይህን ሳይቆርጡ ጎማውን ከሰኩ ማሽኑ የመጀመሪያውን እጥበት ጨርሶ ለማፍሰስ ሲሞክር ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ውሃው ንቅንቅ አይልም፣ ስክሪኑም የፍሳሽ ስህተት ያሳያል። ክዳኑን በስለት ሙሉ በሙሉ ይቁረጡት፤ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ከፍቶ መተው ብናኝ የሚይዝበት ወንፊት መሥራት ነው።

ሁለተኛው የጎማው አካሄድ ነው። ጎማው ከማሽኑ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሲፎኑ መግባት የለበትም። መጀመሪያ እስከ ሲንኩ የላይኛው ጠርዝ አካባቢ ወጥቶ፣ እዚያ በማያያዣ ታስሮ፣ ከዚያ ወደ ሲፎኑ ይውረድ። ያለዚህ ከፍታ የሲንኩ እጣቢ በጎማው ተንሸራቶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ንጹሕ ሆኖ የወጣ ልብስ ላይ የምግብ ቅባት ሽታ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ሦስተኛው ቅባት ነው። የወጥ ቤት ሲንክ ቱቦ ውስጡ በቅባት እየጠበበ ስለሚሄድ የባልዲውን ፈተና ዛሬ ያለፈው መስመር በዓመቱ ላያልፍ ይችላል። ማሽኑ ሲያፈስ ሲንኩ ውስጥ ውሃ ብቅ ማለት ከጀመረ ሲፎኑን ፈትቶ ማጠብ ሳይሆን ከሲፎኑ በኋላ ያለውን አግዳሚ ቱቦ መጥረግ ነው የሚበጀው።

ለትልልቅ ማሽኖች ይህን መንገድ ይተዉት። የመቀበያው አፍ ጠባብ ስለሆነ ፓምፑ ኃይሉን የሚጨርሰው እዚያ ነው።

አዲስ ቋሚ ቱቦ ከነሲፎኑ

ቤቱ የራስዎ ከሆነና ማሽኑ በአዲሱ ቦታ ዓመታት የሚቆይ ከሆነ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ የተቀሩት ሁሉ የዚህ ምትክ ናቸው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አፉ ክፍት የሆነ ቋሚ ቱቦ ግድግዳው ላይ ይቆማል፣ ከሥሩ ሲፎን ይገጠማል፣ ከሲፎኑ አግዳሚ ክንድ ወጥቶ ከቤቱ ፍሳሽ ጋር ይገናኛል። የማሽኑ ጎማ ከላይ ባለው ክፍት አፍ ውስጥ ይንጠለጠላል።

ልኬቶቹ በግምት የሚተዉ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የቧንቧ ኮድ የቋሚውን ቱቦ ርዝመት ሲፎኑ ከሚቋጥረው ውሃ ልክ በላይ ከ46 እስከ 107 ሳ.ሜ. ያደርገዋል። ሲያጥር ፓምፑ በድንገት የሚለቀው ውሃ ወርዶ ሳይጨርስ በአፉ ይገነፍላል። ሲፎኑ ከወለሉ ከ15 እስከ 46 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከወለል በታች የተቀበረ ሲፎን ሲደፈን መድረሻ የለውም። ሲፎኑ የሚቋጥረው ውሃ ጥልቀት ከ5 ሳ.ሜ. ማነስ የለበትም። ቱቦው የአፉን ከፍታ የሚያገኘው እንግዲህ ከሁለት ወገን ነው፦ ከኮዱና ከማሽኑ መመሪያ። ለአብዛኛው ከፊት ለሚከፈት ማሽን ከወለሉ ከ80 እስከ 90 ሳ.ሜ. ሁለቱንም ያስማማል።

ጎማው ቱቦው ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ይግባ፤ ከዚያ በላይ አይደለም። እስከ ሲፎኑ ውሃ ድረስ የተገፋ ጎማ ራሱን እየሳበ ያፈስሳል። በጎማውና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተትም በሲሊኮንም በጨርቅም አይደፈን፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ሽታ ለማስቆም ብለው የሚደፍኑት አሉ። ሽታ የሚመጣው ሲፎኑ ውሃውን ስላጣ ነው፤ ክፍተቱን መድፈን ምክንያቱን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው ራሱን እየሳበ እንዲወጣ በር ይከፍትለታል።

አሁን ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን፦ አየር። ውሃ ቱቦውን ሞልቶ ሲሮጥ ከኋላው አየር ይስባል። አየር የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ከሌለ የሲፎኑን ውሃ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጉርጉርታ ድምፅ፣ ቀጥሎም የማንሆል ሽታ ነው። ይህን የሚከለክለው ከሲፎኑ ብዙ ሳይርቅ ወደ ላይ የሚወጣ የአየር መስመር ነው። «ብዙ ሳይርቅ» ሲባል ስንት ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። የሲፎኑ ክንድ አየር ወዳለበት ቋሚ እስኪደርስ ድረስ የሚወርደው ጠቅላላ ልክ ከራሱ ስፋት መብለጥ የለበትም። የ50 ሚ.ሜ. ቱቦ በሜትር 2 ሳ.ሜ. ሲወርድ 5 ሳ.ሜ. የሚሞላው 2.5 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ የሲፎኑ የውሃ ልክ ከመስመሩ መጨረሻ ጣሪያ በላይ ይሆናል፤ ቱቦው ሞልቶ ሲሮጥ ሲፎኑን አሟጦ ይዞት ይሄዳል። ተዳፋቱን ማብዛት ውሃውን ያፈጥናል ብሎ በሜትር 5 ሳ.ሜ. የሚያወርድ ሠራተኛ ይህን ርቀት ወደ 1 ሜትር ነው የሚያሳጥረው።

የአየር መስመር እስከ ጣሪያ ማውጣት ካልተቻለ አየር ብቻ አስገብቶ ሽታ የማያስወጣ ቫልቭ አለ። ከአግዳሚው ቱቦ ቢያንስ 10 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አየር በሚያገኝና እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ግድግዳ ውስጥ ከተለሰነ ሥራውን አይሠራም። ደግሞም አየር ያስገባል እንጂ ከታች የሚገፋ ግፊት አያስተነፍስም። ሁሉም አገር አይፈቅደውም፤ ከመግዛትዎ በፊት በአካባቢዎ ደንብ ያረጋግጡ። ሲፎኑን በኤስ ቅርጽ አድርጎ በቀጥታ ወደ ወለል መንዳት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ያ ቅርጽ በየእጥበቱ ራሱን ባዶ ያደርጋል።

ለ2 ሜትር ያህል ርቀት የሚያስፈልገው ዕቃ ይህን ይመስላል፦ 3 ሜትር ገደማ የ50 ሚ.ሜ. ቱቦ፣ አንድ ሲፎን፣ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ)፣ ከነባሩ ጋር ለመገናኘት አንድ ዋይ ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ፣ አንድ መጥረጊያ መክፈቻ ከነክዳኑ፣ አራት ወይም አምስት የግድግዳ ማያያዣ፣ የፒቪሲ ማጽጃና ኮላ። አግዳሚ ቱቦ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቦታ በአንድ ባለ 90 ፋንታ ሁለት ባለ 45 ጎሚቶ ይጠቀሙ፤ የልብስ ብናኝ የሚከማቸው ስለታማው ጥግ ላይ ነው።

ሲያጣብቁ ቱቦውን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ በውስጥም በውጭም ያለውን ፍርፋሪ በቢላ ይፋቁ። ሁሉንም በደረቁ ገጣጥመው ተዳፋቱን በውሃ ልክ ከለኩ በኋላ በየመጋጠሚያው ላይ በእርሳስ መስመር ያስምሩ፤ ኮላው ከተቀባ በኋላ አንግል ለማስተካከል ያለዎት ጊዜ ሴኮንዶች ነው። ማጽጃ ይቀቡ፣ ኮላ በሁለቱም ወገን ይቀቡ፣ እስከ መጨረሻው አስገብተው ሩብ ዙር ያዙሩና 30 ሴኮንድ ያህል ይዘው ይቆዩ። ሳይይዙ የለቀቁት መጋጠሚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ዓይን አያየውም፣ ውሃ ያገኘዋል።

ስለ መስበር አንድ ማስጠንቀቂያ። በሶሌታ ውስጥ ያለ ብረት አይቆረጥም፤ ቀዳዳ ካስፈለገ መሐንዲስ ይይ። የእንጨት ወለል ተሸካሚ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከእንጨቱ ቁመት አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፣ ከላይኛውና ከታችኛው ጠርዝም ቢያንስ 5 ሳ.ሜ. ይራቅ።

ወለል ፍሳሽ ላይ ማፍሰስ

መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ወንፊት ያለው ፍሳሽ አለ፤ ጎማውን እዚያ መጣል ያጓጓል። ወለል ላይ የወደቀ ጎማ ግን ከላይ የተገለጸውን ማለቂያ የሌለው የመቀበልና የማፍሰስ ዑደት ያስከትላል። ጎማውን መጀመሪያ ግድግዳው ላይ 80 ሳ.ሜ. ሰቅሎ ማውረድ ይበቃል የሚል እምነት በሰፊው አለ፤ አይበቃም። ጎማው አንዴ በፓምፕ ከሞላ በኋላ ጫፉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉብታውን ተሻግሮ መሳቡን ይቀጥላል። ስበቱን የሚቆርጠው ጉብታው አናት ላይ የሚገባ አየር ነው፤ ለዚህ የሚሸጥ ጸረ ስበት ማያያዣ አለ፤ እርሱ ከተገጠመ መንገዱ ይሠራል።

ሲፎኑ ጥልቀት የሌለው የወለል ፍሳሽ አረፋን አይችልም፤ ወንፊቱም በብናኝ ቶሎ ይደፈናል። በየሁለት ሳምንቱ መጥረግ ግዴታ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወለል በሙሉ ወደ ፍሳሹ ካላዘነበለ ይህን ምርጫ ይለፉት።

ሰፊ የማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ማፍሰስ

ጎማውን ከገንዳው ጠርዝ ላይ በመያዣው አንጠልጥሎ ማሰር። ከፍታው ተስማሚ ነው፣ አየር አለ፣ ብናኙ በዓይን ይታያል፤ ጎማው ጫፍ ላይ የሽቦ ማጥሪያ ማሰርም ይቻላል። ገንዳው ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚለቀውን ውሃ ፍሳሹ ሳይጨርሰው የሚይዝ ይሁን። ጎማው ካልታሰረ በግፊቱ ተፈናጥሮ ወለል ላይ ያፈስሳል፤ ገንዳው ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ፍሳሹን ከደፈነም እንዲሁ። ለቀላልነቱ ከሚሰጠው ግምት በላይ ጥሩ መንገድ ነው።

ፓምፕ ያለው ሳጥን

የቤቱ ፍሳሽ ከማሽኑ በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማሽኑ ምድር ቤት ከወረደ፣ ወይም ተዳፋት የሚሰጥ ጥልቀት ፈጽሞ ከሌለ ውሃው መገፋት አለበት። ማሽኑ ወደ ተዘጋ ሳጥን ያፈስሳል፣ ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ውሃው ሲሞላ ፓምፑን ያስነሣል፣ ፓምፑም በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ወይም ወደ ሩቅ ይልካል።

ሲመርጡ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ በደቂቃ ስንት ሊትር፣ በስንት ሜትር ከፍታ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሊትር ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፍታ በሌለበት የተለካ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት በእርስዎ ከፍታ ላይ የሚሰጠው ነው፣ እርሱም ማሽንዎ ከሚያፈስሰው መብለጥ አለበት። የሚቋቋመውንም የውሃ ሙቀት ያንብቡ። ከፓምፑ መውጫ ላይ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ ካልተገጠመ ሽቅብ የወጣው ውሃ ተመልሶ ሳጥኑን ይሞላል፣ ፓምፑም ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ይገፋል። ሳጥኑ የራሱ የአየር መውጫ ይኑረው።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ፓምፑም አብረው ስለሚቆሙ የሚያሰጋው እርሱ አይደለም። የሚያሰጋው ፓምፑ ብቻውን ሲሞት ነው፤ ማሽኑ ይህን አያውቅምና ማፍሰሱን ይቀጥላል። ሳጥኑ ከመጠን በላይ ሲሞላ የሚጮህ ማንቂያ ያለውን መምረጥ ለዚህ ነው። ብናኝ ተንሳፋፊውን ስለሚይዘው በዓመት ሁለት ጊዜ ሳጥኑን ከፍቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

በአንድ እይታ

| መንገድ | የሚስማማው ርቀት | መስበር | ወጪ | ብዙ ጊዜ የሚበላሸው |
|---|---|---|---|---|
| ጎማ ማስረዘም | በአጠቃላይ እስከ 4 ሜትር፣ መመሪያው ከፈቀደ | የለም | ዝቅተኛ | መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ ፓምፑ ይደክማል |
| የሲንክ ሲፎን | ሲንኩ አጠገብ | የለም | ዝቅተኛ | በቅባት መደፈን፣ የእጣቢ መመለስ |
| አዲስ ቋሚ ቱቦ | አየር እስካለበት ቋሚ 2.5 ሜትር | አለ | ከፍተኛ | አየር ማጣት፣ የተሳሳተ ተዳፋት |
| ወለል ፍሳሽ | በዚያው ክፍል | የለም | ዝቅተኛ | ራሱን መሳብ፣ የአረፋ ግንፍላት |
| ማጠቢያ ገንዳ | ጎማው እስከሚደርስበት | የለም | ገንዳው ካለ ዝቅተኛ | ጎማው መፈናጠር |
| ፓምፕ ያለው ሳጥን | ሩቅ ወይም ሽቅብ | ጥቂት | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ተንሳፋፊው መያዝ፣ የፓምፕ ሞት |

ለማን የትኛው?

ተከራይ ከሆኑ ማሽኑን ወደ ሲንኩ ያስጠጉት እንጂ ሲንኩን ወደ ማሽኑ ለማምጣት አይልፉ፤ ሲፎኑን መቀየር ወይም ገንዳ ላይ ማንጠልጠል ይበቃዎታል። በጀት ጠባብ ሆኖ ቤቱ የራስዎ ከሆነም መጀመሪያ የሚፈለገው ከነባር መታጠቢያ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቦታ ነው። ግድግዳው ተበስቶ ከጀርባው ካለው መስመር ጋር የሚገናኝ አጭር ቋሚ ቱቦ ወለል ሳይነካ ያልቃል፤ ከሁሉም በጥራትና በወጪ የሚመጣጠነው ይህ ነው።

ቤቱ እየታደሰ፣ ሴራሚኩ ከተነሣ ወይም ገና ካልተነጠፈ፣ ሌላ ምርጫ ማየት አያስፈልግም። ቋሚ ቱቦውን በ50 ሚ.ሜ. ያስገቡ፣ የአየር መስመሩን ያውጡ። ማሽኑ ገና ባይገዛም መስመሩ ተዘጋጅቶ አፉ በክዳን ይጠበቅ።

ከ4 ሜትር በላይ ርቀት፣ ተዳፋት የማይገኝበት ወለል ወይም ምድር ቤት ከሆነ ምርጫው በፓምፕና ቦታውን በመተው መካከል ነው። ቦታውን መተው ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው። ፓምፕ የሚያስፈልገው ክፍሉ በእርግጥ ሌላ አማራጭ ሲያጣ እንጂ ማሽኑ መስኮት አጠገብ ቢሆን ደስ ስለሚል አይደለም።

አንድ ነገር በየትኛውም ሁኔታ አይደረግም፦ የዝናብ ውሃ ማውረጃ ቱቦ ወይም የግቢ ቦይ ውስጥ ማስገባት። የዝናብ ውሃ መስመር ብዙ ቦታ ሳይጣራ ወንዝ ነው የሚገባው፤ የሳሙናው ውሃም አብሮ ይሄዳል።

ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት

ኮላው በማሸጊያው ላይ የተጻፈለትን ሰዓት ይድረቅ። ከዚያ የመስመሩን የታችኛውን ጫፍ በመፈተኛ ደፋኝ ደፍነው ቱቦውን እስከ አፉ በውሃ ይሙሉትና 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የውሃው ልክ ከወረደ የሚያፈስ መጋጠሚያ አለ። ደፋኙን ሲያወጡ ውሃው በአንድ ጊዜ ይሂድ፤ ሲሄድ የሲፎኑን ድምፅ ያዳምጡ። ረጅም ጉርጉርታ ከሰሙ አየሩ አልበቃውም።

ማሽኑን ሲያንቀሳቅሱ ከበሮው በመጓጓዣ ብሎኖቹ ይታሰር፤ በአዲሱ ቦታ ከማስነሣትዎ በፊት ብሎኖቹ ይውጡ፣ እግሮቹም በውሃ ልክ ይስተካከሉ። ያለ ልብስ አንድ የማለቅለቅና የመጭመቅ ፕሮግራም ያሂዱ። ማሽኑ ሲያፈስ በየመጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ያሻሹ፤ ጣት የማይለየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። ቀጥሎ ሙሉ ልብስ ይጫኑና ሳሙና ጨምረው ይድገሙ፤ በንጹሕ ውሃ ያለፈ ቱቦ በአረፋ ሊገነፍል ይችላል። ሦስተኛውን እጥበት በተለመደው ከፍተኛ ሙቀት ያድርጉ፤ ቱቦው ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ደካማ መጋጠሚያ የሚገለጠው ያኔ ነው። ሶፍቱ ከሦስቱም እጥበት በኋላ ደረቅ ከሆነ ግድግዳውን ይለስኑት፤ የመጥረጊያውን መክፈቻ ክዳን ግን ከልስኑ ውጭ ይተዉት።